ግብር ሰብሳቢው የባንክና የብድር መረጃ ሲጠይቅ የግብር ከፋዩ መብት የት ድረስ ነው?

ባሕር ዳር፦ ሐምሌ በገባ ቁጥር በየወረዳው ከተማ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይጨናነቃል። ወፍጮ ቤት ያለው፣ እህል ሰብስቦ የሚሸጠው፣ ሱቅ የከፈተው፣ በሬ አድልቦ ለበዓል ገበያ የሚያቀርበው ሁሉ ሰነዱን ይዞ ይሰለፋል። በሰልፉ መካከል የሚሰማው ወሬ ግን ከቀድሞው ተለይቷል። በ2009 ዓ.ም በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ቅሬታ ያስነሣው የቀን ገቢ ግምት ነበር፤ ያን ጊዜ የነጋዴው ሥጋት ገማቹ በዐይኑ ዐይቶ የሚጽፈው ቁጥር ነበር። አሁን ሥጋቱ ወደ ባንክ ተሻግሯል። «ባንክ ያስገባኸው ሁሉ ይታያል፤ የታየው ሁሉ ይገበርበታል» የሚለው አነጋገር ከነጋዴው አልፎ ገበሬው ጆሮ ደርሷል። ይህን የሰማ ሰው የጤፉንና የሰሊጡን ሽያጭ ከባንክ ይልቅ በሣጥን ማኖርን ይመርጣል።

አባባሉ ሁለት ነገሮችን አጣብቆ ይዟል። መረጃው ሊታይ ይችላል መባሉ እውነት ነው። የታየው ሁሉ ይገበርበታል መባሉ ግን ስሕተት ነው። ገንዘብ ባንክ በመቀመጡ ብቻ ግብር አይከፈልበትም። ቁጠባ ወለድ ሲያፈራ ከወለዱ ላይ የሚቆረጠውን ባንኩ ራሱ ቀንሶ ያስቀራል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም። ግብር የሚጣለው በገቢ ላይ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሣው በሂሳብ ላይ የታየው ገንዘብ ገቢ ነው አይደለም በሚለው ላይ ነው።

በሕጉ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታዎች ሲፈጠሩ፣ ዝርዝር ሕግ ሲኖርና ለተጠቀሱት ዓላማዎች ብቻ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልና የሌሎች መብት ይገኛሉ። ግብር በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አልተጠራም። የባንክ ሕጎችም የደንበኛን ምስጢር መጠበቅን ግዴታ ያደርጋሉ፤ በር የሚከፍቱት ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው።

ይህን በር ለግብር ሰብሳቢው የከፈተው የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። በአዋጁ አንቀጽ 65 መሠረት ባለሥልጣኑ ለታክስ ሕግ አፈጻጸም የሚያስፈልገውን መረጃ ወይም ሰነድ እንዲያቀርብ ማንኛውንም ሰው በጽሑፍ ማስታወቂያ ሊያዝ ይችላል፤ የታዘዘው ሰው ራሱ ግብር ከፋይ መሆን አይጠበቅበትም። የምስጢር ጥበቃ ውል አለብኝ ብሎ መከልከልም አይቻልም። «ማንኛውም ሰው» የሚለው አነጋገር ሰፊ በመሆኑ ባንኩን፣ የብድርና ቁጠባ ተቋሙን፣ ዩኒየኑን፣ እህሉን የገዛውን ነጋዴ ጭምር ያቅፋል። ለዚህ ትእዛዝ አስቀድሞ የፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አያስፈልግም። ማስታወቂያው የሚደርሰውም ለባንኩ እንጂ ለባለ ሂሳቡ አይደለም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሂሳቡ መታየቱን የሚያውቀው የግብር ውሳኔው እጁ ሲገባ ነው።

የብድር መረጃ ከባንክ ሂሳብ መግለጫ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አበዳሪዎች ስለ ተበዳሪዎቻቸው የሚያሰፍሩትን መረጃ የሚያሰባስብ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ማን፣ ከየትኛው አበዳሪ፣ ስንት ብር ተበደረ፤ ምን አስያዘ፤ በወቅቱ ከፈለ ወይስ አዘገየ የሚሉት በዚያ ይመዘገባሉ። ዓላማው አንድ ሰው ከአንዱ ባንክ ወስዶ ሳይከፍል ከሌላው እንዳይበደር መከላከል ነው፤ በደንብ የከፈለውም ታማኝነቱ እንዲታወቅለት ነው። ይህ መዝገብ ተበዳሪውን የሚለየው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ብድር የጠየቀ ሰው ገና ከመነሻው ለግብር መሥሪያ ቤቱ በሚታወቅበት ቁጥር ተመዝግቧል ማለት ነው። አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ከባንክ ሂሳብ ጋር እየተሳሰረ በመሆኑ፣ በሦስት ባንክ በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ ተበትኖ የነበረው ሂሳብ ወደ አንድ ሰው ይሰበሰባል።

ገጠሩም ከዚህ ውጭ አይደለም። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ትናንት በቡድን ዋስትና ይበደር የነበረው ገበሬ ዛሬ የባንክ ደንበኛ ነው። በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብል ጭምር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመጠቀም መብትን በማስያዝ መበደርን ፈቅዷል። በእጅ ስልክ በቴሌብር የሚወሰደው አነስተኛ ብድርም መዝገብ አለው። እነዚህ ለገበሬው የተከፈቱ በጎ ዕድሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ስለ እርሱ የተጻፈ መረጃ ትተው ያልፋሉ።

መረጃው በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ ምን እንደሚከተል ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቢቸና ላይ ጤፍ እየሰበሰበ የሚሸጥ ሰው አለ እንበል። በዓመቱ ውስጥ ወደ ሂሳቡ የገባው ገንዘብ ሲደመር 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 900 ሺህ ብሩ የአዲስ አበባ ነጋዴ ጤፍ እንዲገዛለት የላከለት ነው፤ በሳምንቱ ወጥቶ ለገበሬዎች ተከፍሏል። 400 ሺህ ብሩ የባንክ ብድር ነው። 300 ሺህ ብሩ ከራሱ ሌላ ሂሳብ ያዛወረው ነው። 240 ሺህ ብሩ የደረሰው ዕቁብ ነው። 160 ሺህ ብሩ ሳዑዲ ዓረቢያ ያለው ወንድሙ ለእናታቸው ቤት ማሠሪያ የላከው ነው። ከራሱ ሽያጭና ከድለላ የገባው ቀሪው 400 ሺህ ብር ብቻ ነው።

መግለጫውን የሚያነብ የግብር ሠራተኛ ፊት ያለው ግን የገቢ ዓምድና ድምሩ ነው። 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሩን እንደ ሽያጭ ከወሰደው ስሕተቱ በግብሩ መጠን ላይ ብቻ አይቆምም። በ2017 ዓ.ም የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ «ሀ» ያስቀምጠዋል፤ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታም ይከተላል። 400 ሺህ ብር የሠራው ሰው በአንድ ድምር ምክንያት ከትልልቆቹ ተርታ ይገባል፤ ያልያዘውን መዝገብ አምጣ ይባላል፤ መዝገብ ሲያጣ ግብሩ በግምት ይሠራል። ዕቁብ፣ ሐዋላ፣ የአደራ ገንዘብና ብድር በገጠርና በትንንሽ ከተሞች የኑሮ መሠረት ናቸው። የባንኩ ወረቀት ግን አይለያቸውም፤ ሁሉንም «ገቢ የተደረገ» ይላቸዋል።

የብድር መዝገቡም የራሱ ጣጣ አለው። ብድር የሚጠይቅ ሰው ስለ ንግዱ መግለጫ ይሰጣል፤ የዓመት ሽያጩንና ትርፉን ይናገራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ፤ ባንኩ እንዲያምናቸው ይፈልጋሉና። ያው ሰው ግብር ሲያሳውቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለባንክ 3 ሚሊዮን፣ ለገቢዎች 300 ሺህ የተናገረ ነጋዴ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ዕለት ተበደልኩ ቢል የሚሰማው ማግኘቱ ያጠራጥራል። የግብር ሰብሳቢው መረጃ የማግኘት ሥልጣን የተሰጠውም ለዚህ ነው፤ እንዲያ ያለውን ማየት ባይችል ሸክሙ የሚወድቀው ደመወዙ ሳይደርሰው ግብር በሚቆረጥበት መምህርና ነርስ ላይ ነው። ስለዚህ ሥልጣኑ አይኑር የሚለው ክርክር ብዙ አይራመድም። ሊያከራክር የሚገባው መረጃው ከተገኘ በኋላ የሚሆነው ነው።

በሕጉ መሠረት ግብር ከፋዩ ባዶ እጁን አልተተወም። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታው ለምን እንደተቃወመ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልግና ምክንያቱን መዘርዘር አለበት፤ «ግብሩ በዝቶብኛል» የሚል አቤቱታ ብቻውን አይበቃም። ያልተቃወመውን የግብር ክፍል ደግሞ መክፈል ይኖርበታል። ከቤተሰብ ሕመም ወይም ከመሰል በቂ ምክንያት የተነሣ ካልደረሰለት ጊዜው ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል። በቅሬታው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ካላረካው በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ባለሥልጣኑ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ሳይሰጥ ቢቀርም ወደዚያው መሄድ ይቻላል። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ የከፍተኛው ፍርድ ቤት በር አለ። ግብሩን ለክልል የሚከፍል ሰው የሚመራው በክልሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ስለሆነ፣ በደረሰው ውሳኔ ላይ የተጻፈውን የቅሬታ ጊዜና ቅሬታ የሚሰማውን አካል ማየት ይኖርበታል።

በእነዚህ በሮች ላይ ሁለት ከባድ መቀርቀሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው የማስረዳት ሸክም ነው። በአዋጁ መሠረት የግብር ውሳኔው ስሕተት መሆኑን ማስረዳት ያለበት ግብር ከፋዩ ነው። የቢቸናው ነጋዴ 900 ሺህ ብሩ የአደራ ገንዘብ መሆኑን ማሳየት የእርሱ ዕዳ ነው፤ ባለሥልጣኑ ሽያጭ መሆኑን እንዲያረጋግጥለት መጠበቅ አይችልም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በዚሁ አዋጅ ይግባኙ በኮሚሽኑ ተቀባይነት የሚያገኘው ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው፤ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲሆን 75 በመቶው። በስሕተት 300 ሺህ ብር የተጣለበት ሰው ስሕተቱን ለማስመስከር አስቀድሞ 150 ሺህ ብር ያስፈልገዋል። ገንዘቡ በጤፍና በከብት ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ብር ነው። ብዙ ሰው ትክክል ሆኖ ሳለ ተስማምቶ የሚከፍለውም ስለዚህ ነው።

መረጃ መጠየቅና ሂሳብ ማገድ በሕጉ አንድ አይደሉም፤ በአነጋገር ግን ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ባለሥልጣኑ ግብሩ ሳይሰበሰብ ሊቀር ይችላል ብሎ ሲሠጋና ጉዳዩ አጣዳፊ ሲሆን የግብር ከፋዩ ሂሳብ እንዳይንቀሳቀስ የገንዘብ ተቋሙን ማዘዝ ይችላል። ለዚህ ግን በ10 ቀናት ውስጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ እገዳው ይቀራል። የመጨረሻ የሆነ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ከባንክ ሂሳብ ላይ እንዲከፈል ማዘዝም ሌላው መንገድ ነው። ሂሳቡ የታገደበት ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ትእዛዙ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቀን እንደተጻፈና የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳለው ነው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን መሳደብ ምንም አይፈይድም፤ እርሱ የታዘዘውን ፈጻሚ ነው።

የተገኘው መረጃ በማን እጅ ይዞራል የሚለውም ይነሣል። አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ሠራተኛ በሥራው ያወቀውን የግብር ከፋይ መረጃ በምስጢር እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ለሌላ አካል የሚተላለፍባቸውን ሁኔታዎችም ለይቶ ያስቀምጣል። በትልቅ ከተማ ይህ ግዴታ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የግብር ሠራተኛውና ነጋዴው በአንድ ዕድር በሚቀመጡባት፣ ልጆቻቸው በአንድ ክፍል በሚማሩባት ትንሽ ከተማ ግን የአንድ ሰው ዕዳ በቡና ላይ መነገሩ ብድሩንም፣ ንግዱንም፣ የልጁን ሠርግም ይነካል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት አለው፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብድሩን ከፍሎ ጨርሶ በመዝገብ ላይ ዕዳ ያለበት መስሎ የሚታይ ሰው ከአበዳሪው የመዝጊያ ደብዳቤ ወስዶ እንዲታረምለት መጠየቅ አለበት፤ የተሳሳተ የብድር መዝገብ ለግብርም ለሚቀጥለው ብድርም ይተርፋል።

መደበኛው ገበሬ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ያህሉ ይመለከተዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ከገበሬዎች ገቢ ላይ ግብር የመጣልና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የመሰብሰብ ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። ይህም ግብር በአብዛኛው የሚሰላው በይዞታው ስፋት ላይ ተመሥርቶ ነው። ማሳውን አርሶ ምርቱን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ያስገባ ሰው በገንዘቡ ብዛት ግብሩ አይጨምርም፤ «ባንክ ያስገባ ይገበራል» የሚለው ወሬ ይህን ሰው ያለ ምክንያት ያስፈራዋል። ሣጥን ውስጥ ያለ ገንዘብ ለእሳትና ለሌባ የተጋለጠ መሆኑ ሳያንስ፣ ነገ ብድር ሲፈልግ የሚያሳየው የቁጠባ ታሪክ ያሳጣዋል። ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ከእርሻው ጎን ለጎን የሚነግደውን ነው፤ የጎረቤቶቹን ሰሊጥ ሰብስቦ መተማ ላይ የሚያስረክበውን፣ ትራክተር የሚያከራየውን፣ ወፍጮ የተከለውን። በስሙ ሂሳብ ከፍቶ የሌሎችን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሁሉም በላይ ይጠንቀቅ፤ የጎረቤቶቹ ሽያጭ በእርሱ ስም ተደምሮ ይነበባልና።

ለእንዲህ ያለው ሰው መፍትሔው ውድ አይደለም። ለንግድ አንድ ሂሳብ፣ ለቤት ሌላ ሂሳብ መክፈት ግማሹን ችግር ያቃልላል። በስልክ ገንዘብ ሲላክ ምክንያት የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ አለች፤ «ለጤፍ ግዢ አደራ»፣ «የዕቁብ» ብሎ መጻፍ ከዓመት በኋላ ምስክር ይሆናል። ለዕቁብ በዳኛውና በጸሐፊው የተፈረመ ዝርዝር፣ ለአደራ ገንዘብ የገዢው የጽሑፍ ትእዛዝና ገበሬዎቹ የፈረሙበት የክፍያ ዝርዝር፣ ለብድር ውሉ፣ ለሐዋላ የባንኩ ደረሰኝ መቀመጥ አለባቸው። የግብር ውሳኔ በመደበኛው አሠራር እስከ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሻሻል ስለሚችል እነዚህ ወረቀቶች ቢያንስ ለዚያ ጊዜ ከጣሪያ ፍሳሽና ከአይጥ ይጠበቁ።

የመሥሪያ ቤቶቹም ድርሻ አለ። ሕጉ መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን ሲሰጥ ውሳኔ ከመጻፉ በፊት ሰውዬውን ጠርቶ «ይህ ገንዘብ ከየት ነው?» ማለትን አይከለክልም። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ የወራት ክርክርን ያስቀራል፤ የቅሬታ ሰሚዎችንም ጠረጴዛ ያቃልላል። ይህ አሠራር በሠራተኛው በጎ ፈቃድ ላይ ከሚንጠለጠል በመመሪያ ግዴታ ቢሆን፣ በባንክ መግለጫ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም ውሳኔም የትኛው ገቢ እንደ ሽያጭ እንደተቆጠረ በዝርዝር አባሪ ቢያደርግ፣ ግብር ከፋዩ የሚቃወመውን ለይቶ ማወቅ ይችል ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው ድምሩ ብቻ ነው፤ ድምርን ደግሞ መቃወም አስቸጋሪ ነው።

እስከዚያው ቀን መቁጠር የግብር ከፋዩ ሥራ ሆኖ ይቆያል። ውሳኔው ሐምሌ 20 የደረሰው ሰው 21ዱ ቀናት የሚያልቁበት ነሐሴ 11 ላይ ነው። ወቅቱ አረም የሚታረምበት፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆረጥበት፣ የፍልሰታ ጾምም የሚያጋምስበት ነው። ውሳኔውን ከተቀበለበት ቀን ጋር በወረቀቱ ጀርባ ጽፎ ማስቀመጥና ቅሬታውን ሲያስገባ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቁጥር በራሱ ቅጂ ላይ ማስደረግ አለበት፤ በጊዜው ማቅረቡ ቢጠየቅ የሚያሳየው ይህንኑ ቅጂ ነው።